ለፈተና የሚተኛው ሰው

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በተግባር መፈተኛው ክፍል ውስጥ የነበረው ይህ ነው። አንድ አልጋ፣ ራስጌው ወደ መስኮቱ ሆኖ፣ በጀርባ በኩል ቀና ተደርጎ። አልጋው ላይ አንድ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን፣ ከወገቡ በታች ሱሪውንና ጥቁር ካልሲውን እንዳደረገ። በጎኑ ባለ ጎማ ጠረጴዛ፣ በላዩ የልብ ማዳመጫ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ባለ ሰከንድ ሰዓትና የእጅ ማጽጃ አልኮል። ከግርጌው ሁለት ወንበር፣ ሁለት ፈታኝ። አሥራ አንድ የነርስነት ተማሪዎች ገብተው ወጥተዋል፤ አሥራ ሁለተኛው ጎንበስ ብሎ እያዳመጠ ነው።

“የመጀመሪያው ድምፅ ይሰማል፤ ሁለተኛው ድምፅ ይሰማል፤ ሌላ ድምፅ የለም” አለ ተማሪው፣ ማዳመጫውን ከጆሮው ሳይነቅል።

“የልብ ምት?”

“ዘጠና ስድስት፣ ሲስተር።”

“ሙሉ ደቂቃ ቆጠርክ?”

“ሙሉ ደቂቃ!”

“ታካሚህን ሸፍንና ውጣ።”

መምህርቷን ተማሪዎቹ ከጀርባዋ “ሙሉ ደቂቃ” ይሏታል። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት የሚያባዛ ተማሪ ካገኘች፣ “አንተ የምታውቀው ሒሳብ ነው እንጂ ልብ አይደለም” ብላ ታባርረዋለች። ሃያ ዓመት በሕሙማን ክፍል፣ ስምንት ዓመት በማስተማር አሳልፋለች፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ያልለካችውን ለካሁ ብላ አታውቅም። ዘጠና ስድስት ሲባል ግን ዝም ብላ መዘገበች። ዛሬ የገቡት ሁሉ ከዘጠና እስከ መቶ ነበር የቆጠሩት። ሰውየው ሁለት ፎቅ በደረጃ ስለወጣ ነው ብላ ገና በመጀመሪያው ተማሪ ላይ ምክንያት ሰጥታ ነበርና፣ ያው ምክንያት ለአሥራ ሁለቱም በቃ።

አልጋው ላይ የተኛው ሰው የኮሌጁ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ታላቅ ወንድሟም ነው። አባታቸው ሲሞት እሷ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ እሱ ትምህርቱን ትቶ፣ መሪ ጨብጦ አሳደጋት። ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ የፈተና ቀን ተከፍሎት ሊተኛ የተቀጠረው ሰው ሳይመጣ ሲቀር፣ ወርዳ ከአውቶቡሱ ላይ ጠራችው። “ጋሼ፣ ና ሸሚዝህን አውልቅ” አለችው። “ምን አጠፋሁ?” አለ። ያን ቀን አስተኝታ፣ በአምስቱም የማዳመጫ ቦታ ሙሉ ሙሉ ደቂቃ አዳመጠችው፤ ጤነኛ ልብ ነበር። የፈተናውን ትክክለኛ መልስ ከዚያ ላይ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ በዓመት ሁለት ጊዜ እየመጣ ይተኛል፤ መልሱም ያው ነው። ተማሪዎቹ “ጋሽ ልብ” ብለው ሰይመውታል። እሱም ስሙን ይወደዋል። “የሹፌር ልብ ሰው ሁሉ ይሰድበዋል፤ የኔን ግን ተምረውበት ይመረቁበታል” ይላል።

አሥራ ሦስተኛዋ ገባች። በዚህ ዓመት ከሌላ ኮሌጅ ተዛውራ የመጣች፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ መካከለኛ ተማሪ ናት። ቤቷ ከግቢው አጥር ማዶ ስለሆነ በእግሯ ትመላለሳለች።

“ጤና ይስጥልኝ አባባ። ልመረምርዎ ነው፤ ይፈቅዱልኛል?”

“ፈቅጃለሁ የኔ ልጅ። ብቻ እጅሽ እንዳይቀዘቅዝ፣ ዛሬ ስንቱ በበረዶ እጁ ዳሰሰኝ መሰለሽ!”

እጇን በአልኮል አጸዳች፤ እስኪሞቅ አፋተገችው። ከንፈሩን አየች፤ ጥፍሩን ተጭና ደሙ እስኪመለስ ጠበቀች፤ አንገቱን ወደ ጎን አስዘንብላ የደም ሥሩን አየች። ከዚያ ወደ ግርጌ ሄደች።

“አባባ፣ ካልሲዎን ላውልቀው? እግርዎ ማበጥ አለማበጡን ልይ።”

“እሱን ተዪው ልጄ። የሹፌር ካልሲ ከወለቀ እዚህ ክፍል ውስጥ እኔ ብቻ ነው የምቀረው።”

ሁለተኛው ፈታኝ ሳቀ። ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው፣ ሰውነቱ የከበደ፣ ሰዓት ለመያዝ ብቻ የሚቀመጥ አንጋፋ መምህር ነው። መምህርቷ በሩን አየች። ውጭ ስምንት ተማሪ ይጠብቃል።

“ይለፍሽ፤ ወደ ደረት ቀጥዪ” አለች።

ልጅቷ መዳፏን ግራ ደረቱ ላይ አሳረፈች። ከሷ በፊት የገቡት ማዳመጫውን በቀጥታ ያስቀመጡት ከግራ ጡት ጫፍ በታች፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው የጎድን አጥንት መሃል ነበር፤ የልብ ጫፍ የሚመታው እዚያ ነው። እሷ ግን በመዳፏ ፈለገች፣ ቆየችና ወደ ጎን ሄደች፣ ወደ ብብቱ። ከታወቀው ቦታ ሁለት ጣት ያህል አልፋ ቆመች። ማዳመጫውንም እዚያው አሳረፈች።

መምህርቷ በብዕሯ አንድ ሰረዝ አሰመረች። ቦታው ስህተት ነው።

ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። የሹፌሩ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ።

“አባባ፣ እባክዎ ለትንሽ ጊዜ አይናገሩ።”

“እሺ፣ እሺ። አልተናገርኩም።”

ቀና ስትል ግንባሯን አልቧት ነበር። “የመጀመሪያው ድምፅ ደብዘዝ ያለ ነው። ሁለተኛው ይሰማል። ሌላ... ሌላ ድምፅ አለ።”

“ምን ዓይነት?”

“ሽሽሽ የሚል። ጎማ ሲተነፍስ ዓይነት።”

“ጎማስ ደህና ነው፣ ትናንት ነው ያስነፋሁት” አለ ሹፌሩ ከአልጋው።

“እርስዎ ዝም ይበሉ” አለች መምህርቷ። ፈተና ላይ ወንድሟን አንቱ ትለዋለች። “መቼ ነው የሚሰማሽ? በመጀመሪያውና በሁለተኛው መሃል ነው ወይስ ከሁለተኛው በኋላ?”

“ከሁለተኛው በኋላ ይመስለኛል።”

“ይመስለኛል?”

“ከሁለተኛው በኋላ ነው።”

ሁለተኛው ሰረዝ፣ ሦስተኛው ሰረዝ።

“ጨርሰሻል። ታካሚሽን ሸፍኚ።”

“ሲስተር፣ እርስዎ አንድ ጊዜ ቢያዳምጡት...”

“ተፈታኟ አንቺ ነሽ። ይህን ልብ ስድስት ዓመት አውቀዋለሁ።”

ልጅቷ አንሶላውን እስከ ትከሻው ሳበችለት። “ይቅርታ አባባ” ብላ ወጣች፤ ለምን ይቅርታ እንደጠየቀችው ግን እሷም ያወቀችው አይመስልም።

“ሻይ ልጠጣ” አለ ሁለተኛው ፈታኝ ወገቡን ይዞ እየተነሳ። “ለናንተም ላምጣ?”

“ለኔ ስኳር አብዛበት” አለ ሹፌሩ።

በሩ ሲዘጋ መምህርቷ ነጥቡን መደመር ጀመረች። ከሃያ አሥራ አንድ። ማለፊያው አሥራ ሁለት ነው። ልትፈርም ስትል እጇ ቆመ። ነገሩ ርኅራኄ አይደለም፤ በርኅራኄ ነጥብ ጨምራ አታውቅም። ያቆማት የሥራው ቅደም ተከተል ነው። “ዓይን ይቀድማል፣ እጅ ይከተላል፣ ጆሮ መጨረሻ ነው” እያለች በየክፍለ ጊዜው የምታስተምረው እሷ ናት። አሥራ ሁለቱ ጆሮን ከእጅ አስቀድመው፣ የልቡን ጫፍ ሳይፈልጉ በቃላቸው የያዙትን ቦታ አግኝተው ወጡ፤ ከአንዳቸውም ነጥብ አልቀነሰችም። ዳስሳ ያገኘችበት ላይ ያዳመጠችው አንዷ ናት፤ የወደቀችውም እሷ።

መዳፍ ትርታ የሌለበት ቦታ ላይ ለምን ይቆማል?

ቀና ብላ አልጋውን አየች።

“ጋሼ፣ ይህን አልጋ ማን ነው እንዲህ ያቀናው?”

“እኔ ነኝ።”

“ለምን?”

“ውጭውን እያየሁ ልተኛ ብዬ።”

“መስኮቱ እኮ ከኋላህ ነው።”

ሹፌሩ ዞር ብሎ መስኮቱን አየ፤ እንደሌባ ሳቀ። “ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ? የሽማግሌ ወገብ ነው፣ ተዪኝ።”

“ዝቅ ላድርገው።”

“አንቺ ልጅ ተዪ ብያለሁ።”

የአልጋውን ማንሻ ተጭና ዝቅ አደረገችው። ጀርባው ፍራሹን ሲነካ ወሬው ተቋረጠ። ትንፋሹ አጠረ፤ የአንገቱ ጅማቶች ተገተሩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሶ በክርኑ ተደግፎ ሊነሳ ታገለ።

“ልትገድዪኝ ነው እንዴ?”

ወዲያው ከፍ አደረገችው። እጇ ቀዝቅዞ ነበር፤ እንዳያስታውቅባት በጋውኗ አፋተገችው። መዳፏን ደረቱ ላይ አሳረፈች። በአምስተኛው ክፍተት፣ ከጡቱ ጫፍ በታች፣ ስድስት ዓመት በቃሏ በያዘችው ቦታ፣ ምንም የለም። ወደ ጎን ሄደች። ከሁለት ጣት በኋላ ትርታው እጇን ገፋት፤ ሰፊና ከባድ ነበር። የልብ ጫፍ ከቦታው የሚሸሸው ልቡ ሲሰፋ ነው።

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ሙሉ ደቂቃ።

ድምፁ ነበር። ለስላሳ ነው፣ ግን አንድም ምት ላይ አይቀርም። የልብ የግራ የላይኛው ክፍል ደሙን ወደ ታችኛው ያወርዳል፤ ታችኛው ሲጨመቅ በመሃላቸው ያለው በር ይዘጋና ደሙ በሙሉ ወደ ሰውነት ይገፋል። በሩ ሳይገጥም ሲቀር ከተገፋው ጥቂቱ ወደ መጣበት ይመለሳል። የሚሰማው ያ የሚመለሰው ደም ነው። ከመጀመሪያው ድምፅ ጋር ይጀምራል፣ ሁለተኛው ጋ ያልቃል። ልጅቷ ጊዜውን ስታለች፤ ድምፁን ግን አልሳተችም። መምህርቷ ማዳመጫውን ወደ ብብቱ ስትወስደው ድምፁ ተከትሏት ሄደ።

“ምን አለ?” አለ ሹፌሩ።

መምህርቷ ወደ ግርጌ ሄዳ ካልሲውን ይዛ ሳበች።

“ነውር ነው!”

“እግሬን ስንት ጊዜ አጥበህልኛል፤ አሁን ነውር ሆነ?”

ካልሲው ሲወልቅ ላስቲኩ ያረፈበት ቦታ እንደ ቦይ ገብቶ ቀረ። ቁርጭምጭሚቱ የለም፤ እግሩ እስከ ቅልጥሙ አንድ ወጥ ሆኗል። አውራ ጣቷን አጥንቱ ላይ ተጭና ያዘች፤ ስታነሳው በቦታው ጉድጓድ ቀረ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ሹፌር ቀኑን ሙሉ እግሩን አንጠልጥሎ ነው የሚውለው። ያብጣል እንግዲህ።”

“ሌሊትስ? ስንት ትራስ ነው የምትንተራሰው?”

“ሚስቴ ነገረችሽ?”

“ማንም አልነገረኝም። ስንት?”

“ሦስት” አለ። “አንዳንዴ ወንበር ላይ።”

“ጋሼ! ለምን አልነገርከኝም? እህትህ ነርስ ናት፤ በሳምንት አምስት ቀን አውቶቡስህ ላይ ነኝ!”

“ምን ልንገርሽ? በሽታ የለብኝም እኮ።” የእውነት ተገርሞ ነበር። “በዓመት ሁለቴ እዚህ እተኛለሁ። ሃያ ሃያ ሰው በየተራ ያዳምጠኛል። ያውም አንቺ ከግርጌ ቁጭ ብለሽ። ሁሉም ‘ሌላ ድምፅ የለም’ ይላል። ማታ ሲያፍነኝ ምን እላለሁ መሰለሽ? ይህን ሁሉ ጆሮ ያለፈ ልብ ምን ይሆናል ብዬ ተመልሼ እተኛለሁ። የዛሬዋ ልጅ በአውቶቡስ ስለማትሄድ ነው እንጂ...”

“በአውቶቡስ ስለማትሄድ ምን?”

ሹፌሩ አንሶላውን አስተካከለ።

“ምን ነገርካቸው?”

“እንዴ፣ ይጨነቃሉ! ፈተናው ሊደርስ ሲል፣ አንቺ ከወረድሽ በኋላ፣ ከፊት ወንበር ተደርድረው ‘ጋሽ ልብ፣ ነገ ምን እንበል?’ ይሉኛል። እኔ ደግሞ የያኔውን መልስሽን አውቀዋለሁ፤ ስታነቢው ሰምቻለሁ። ‘አንድ አለ፣ ሁለት አለ፣ ሌላ የለም በሉ፣ ቦታው ከጡት በታች ነው’ እላቸዋለሁ። በስድስት ዓመት አንድ ልጅ አልወደቀብኝም።”

መምህርቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ተማሪዎቹ የሚሉት እሱ የነገራቸውን ነው፤ እሱ የነገራቸው እሷ የጻፈችውን ነው፤ እሷ ደግሞ የተማሪዎቹን ቃል ሰምታ የጻፈችው ልክ እንደሆነ አረጋግጣለች። በዚህ ዙር ውስጥ ልቡን የነካ ሰው አልነበረም።

“በራስህ ቃል ነው ራስህን ስታጽናና የከረምከው” አለች ቀስ ብላ። “እኔም በዚያው።”

“ከባድ ነው?”

“የልብህ አንዱ በር አይገጥምም። ልብህ ለማካካስ ሲታገል ሰፍቷል። የሚታከም ነው፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን በማሽን መታየት አለበት። ዛሬ።”

“ነገ።”

“ዛሬ፣ አሁን።”

“አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልጆች የማደርስ ሰው ነኝ። እነሱን አድርሼ፣ ነገ በጠዋት...” ሱሪ ኪሱን በመዳፉ ሸፈነ። የአውቶቡሱ ቁልፍ እዚያ ነው። “ደግሞ ልንገርሽ፣ አንዴ ‘ልቡ ታሟል’ ከተባለ መሪ የሚሰጠኝ የለም። አርባ ዓመት የነዳሁ ሰው ምን ልሁን? በር ላይ ተቀምጬ የሰው መኪና ቁጥር ልመዝግብ?”

ክርክር ብትገጥመው እንደማትችለው ታውቃለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አሸንፋው አታውቅም። “እግርህን እየው” አለችው ብቻ።

አየው። አውራ ጣቷ የተወው ጉድጓድ አሁንም አልሞላም። ሹፌሩ ወገቡን ቀና አድርጎ፣ የሌላ ሰው እግር የሚያይ ይመስል፣ አተኩሮ ጠበቀው። ጠርዙ ቀስ እያለ ቀስ እያለ ወደ መሃል ገባ። ገና ሙሉ በሙሉ ሳይሞላ፣

“ባለፈው ማክሰኞ” አለ።

“ምን?”

“ዳገቱ ላይ አቁሜ አልነበር? ማርሽ እምቢ አለኝ ብዬ።”

ታስታውሳለች። ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበረች። ተማሪዎቹ “ጋሽ ልብ፣ ውረዱ ግፉ በለን!” እያሉ ሲስቁ፣ እሱ መሪው ላይ ተደፍቶ ዝም ብሎ ነበር።

“ማርሹ ምንም አልሆነም” አለ። “ዓይኔ ጨለመብኝ። ፍሬኑን እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም። ስንት ልጅ ነበር ያን ቀን?”

“ሙሉ ነበር።”

ሹፌሩ እጁን ኪሱ ውስጥ ሰደደና ቁልፉን አወጣ። ለእሷ አልሰጣትም። ባለ ጎማው ጠረጴዛ ላይ፣ ከማዳመጫው አጠገብ አስቀመጠው።

ሁለተኛው ፈታኝ ሦስት ብርጭቆ ሻይ በትሪ ይዞ ሲገባ፣ ሹፌሩ ሸሚዙን እየቆለፈ፣ መምህርቷ ተንበርክካ ጫማውን እያሰረችለት ነበር። ነገሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረችው። አንጋፋው መምህር ትሪውን አስቀምጦ ማዳመጫውን ከጠረጴዛው አነሳ፤ በሸሚዙ መሃል አስገብቶ እሱም አዳመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

“የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል ማለት ይሄ ነው” አለ። “እኔም እኮ ስድስት ዓመት ሰዓት እየያዝኩ ነው። ተነሱ፣ በኔ መኪና እንሂድ።”

“ሻዩስ?” አለ ሹፌሩ።

“ከዛሬ ጀምሮ ፈሳሽ በልክ ነው።”

“ጀመረች!”

ውጭ የሚጠብቁትን ስምንት ተማሪዎች ፈተናው ተቋርጧል ብላ አሰናበተቻቸው። አሥራ ሦስተኛዋ ልጅ ከኮሪደሩ ጫፍ ቆማ ነበር፤ ስታለቅስ ቆይታ ፊቷን መታጠቧ ያስታውቃል። መምህርቷ ወንድሟን በክንዱ ደግፋ አጠገቧ ስትደርስ ቆመች።

“ቦታው ልክ ነው። ድምፁም አለ” አለቻት። “ጊዜውን ግን ስተሻል፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መሃል ነው። የታካሚ ምስጢር ነው፣ ለማንም አትንገሪ። አሥራ ሰባት አግኝተሻል።”

“ሃያ አትሰጪያትም?” አለ ሹፌሩ፣ ደረጃውን በመያዣው ተደግፎ እየወረደ። “ነፍሴን ነው እኮ ያገኘችው!”

“ጊዜውን ስታለች።”

ሆስፒታል ውስጥ ልቡ በማሽን ታየ። በሩ ክፉኛ ያፈሳል፤ ልቡ ሰፍቷል፤ በሩን በቀዶ ጥገና መጠገን ይቻላል ተባለ። እስከዚያው ክኒን፣ ጨው መቀነስና ከመሪ መራቅ። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከሰውነቱ አምስት ኪሎ ውሃ ወጣ። ኮሌጁ ከአውቶቡሱ አውርዶ ጋራዥ ውስጥ አዲስ ሹፌሮችን እንዲያለማምድ መደበው፤ መሪ አይነካም፣ ከጎን ተቀምጦ ይቆጣል። ለሁለት ቀን አኩርፎ አልሄደም፤ በሦስተኛው ቀን ሄደ። ቀዶ ጥገናው በሚቀጥለው ወር ነው።

ፈተናው በሦስተኛው ሳምንት ሊደገም ሲል ሹፌሩ ራሱ ስልክ ደወለ።

“ሰው ቀጥረሻል አሉ።”

“አዎ፣ አንድ ወጣት አግኝቻለሁ።”

“ጤነኛ ነው?”

“ጤነኛ ነው።”

“ጤነኛ ልብማ ማንም አለው። እኔ መጥቼ ልተኛ። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፣ ቀና ብለህ ከሆነ ምን ቸገረህ ብሎኛል።”

መምህርቷ ስልኩን ይዛ አሰበች። ወንድሟን እንደገና እዚያ አልጋ ላይ ማየት አልፈለገችም። ደግሞ የማያወራ፣ ካልሲ የሌለው፣ የማይቀልድ ታካሚ እንዲሆን ማድረግ ከተማሪዎቹ ፈተና ይከብዳል። ጤነኛ ልብ ላይ ግን ያዳመጠና ያላዳመጠ አይለይም።

“ከማንም ጋር ቃል አትተነፍስም” አለች በመጨረሻ። “ከአንዱም ጋር። ዓይንህን ጨፍነህ ነው የምትተኛው።”

“እንደ ሬሳ።”

“ጋሼ!”

“እሺ፣ እሺ። እንደ እንቅልፋም።”

ጠዋት ክፍሉ ሲከፈት የአሮጌውን መልስ ወረቀት ቀደደችው። አዲስ አልጻፈችም። ተማሪ ከመግባቱ በፊት እሷና ሁለተኛው ፈታኝ በየተራ ዳሰሱት፣ አዳመጡት፤ ያገኙትንም ለየብቻ ጻፉና አስተያዩ። ከዚያ ከአሥራ ሦስተኛዋ ልጅ በቀር ሃያውንም ተማሪዎች አንድ በአንድ አስገባች፤ ስለ ታካሚው ለማንም አልነገረችም፤ ተማሪዎቹም ከአውቶቡሱ የወረደው ለማሠልጠን ነው ብለው ነበር የሚያውቁት። ሹፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እግሩን አጋልጦ፣ ቃል ሳይተነፍስ ዋለ።

ከሃያው ድምፁን የሰሙት ዘጠኝ ናቸው።